ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ ለመውለድ ሞክሬ ነበር

የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። በሁለተኛዋ ምጥ ልሞክር ብዬ ገባሁ፤ መጨረሻው እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ያውም በጥድፊያ። አሁን ልጄም እኔም ደህና ነን። ይህን የምጽፈው «አትሞክሩ» ለማለት አይደለም፤ «ሞክሩ» ለማለትም አይደለም። ስለ ልጁ ብዙ ይወራል፤ እናቲቱ ምን እንደሚገጥማት ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኔ የደረሰብኝንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መሞከር የፈለግኩበትን ምክንያት ልናገር። የመጀመሪያው ልጄ በመቀመጫው ነበር የመጣው። ጭንቅላቱ አልዞር ስላለ ቀን ተቆረጠልኝ፤ ምጥ ሳይነካኝ ገብቼ ወለድኩ። ከዚያ አራስ ሊጠይቁ የሚመጡት ሴቶች ገንፎውን እየበሉ «አንቺማ ምጡን ሳታዪው ተገላገልሽ» ይሉኝ ጀመር። እንደ ምርቃትም እንደ ሽሙጥም ነው። ሆድ ተቀዶ መውለድ ቀላል ይመስል! እናቴ ስድስታችንንም እቤቷ ነው የወለደችው። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ባይወጣም፣ እነሱ ሲሉ ዝም ማለቷ ያናድደኝ ነበር። ግን ለሰው ወሬ ብሎ ምጥ መሞከር ትክክል አይመስለኝም።

ለኔ ሚዛን የደፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ሰው መጥራት ነበረብኝ፤ አሁን ደግሞ እቤት ውስጥ የሚሮጥ ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ አራት ልጅ እፈልግ ነበር። ማህፀን በተደጋጋሚ በተቆረጠ ቁጥር የሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ፣ ሥር ሰዶ ሊበቅል ይችላል። በተለይ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀኑን በር ከሸፈነ ነገሩ ይከፋል። ከዚህ በፊት አንድ ኦፕራሲዮን ያላት ሴት እንዲህ ከሆነባት የመጣበቁ ዕድል ከመቶ 11 ገደማ ነው፤ ሁለት ካላት ወደ 40፣ ሦስት ካላት ከ60 በላይ ይደርሳል። እንዲህ ተጣብቆ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ማህፀኑ ራሱ ይወጣል። ስለዚህ «ኦፕራሲዮን ነው የሚያዋጣው፣ ምጥ ነው አደገኛው» የሚባለው ነገር ስንት ልጅ እንደምትፈልጊ ካልተጠየቀ ግማሽ እውነት ነው።

ክትትል የጀመርኩበት ሆስፒታል ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሆዴን አልነበረም፤ ወረቀት ነው። «የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ማጠቃለያ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም። ቀሚሴን ገለብ አድርጌ ጠባሳውን አሳየኋት፤ ከታች፣ አግድም፣ ቀጭን መስመር ነው። «ይሄ ቆዳሽ ነው» አለችኝ። «እኔ ማወቅ የምፈልገው ማህፀንሽ የተቆረጠበትን ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር፤ ብዙ ሴት እንደማታውቅም ቆይቼ ነው የገባኝ። ቆዳ አግድም ተቆርጦ ማህፀን ቁመቱን ሊቆረጥ ይችላል፤ የዚህ ተቃራኒም አለ። ማህፀን በታችኛው ስስ ክፍሉ አግድም ከተቆረጠ ስፌቱ ምጥን በደንብ ይቋቋማል። ከላይ በወፍራሙ ጡንቻ በኩል ቁመቱን ከተቆረጠ ግን ምጥ ጨርሶ አይሞከርም፤ የመተርተሩ ዕድል ብዙ እጥፍ ነው። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ሲወጣ ወይም አግድም ተጋድሞ ሲገኝ እንዲህ ያለ ቁርጥ ሊያጋጥም ይችላል። ከዚህ በፊት ማህፀኗ ተተርትሮ የሚያውቅ ሴትም፣ ትልቅ እጢ ከማህፀኗ ያስወጣች ሴትም ነገሩን ከሐኪም ጋር ለብቻ መነጋገር አለባት።

ወረቀቱን ፍለጋ ወደ መጀመሪያው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄድኩ። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና «እህት፣ የዛን ጊዜው ካርድ ገና አልገባም፤ መደርደሪያ ላይ ነው» አለኝ። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጽዳት ሠራተኛ ናቸው «አንተ ልጅ፣ እርጉዝ አታመላልስ» ብለው የጮሁበት። በዚያው ቀን ተገኘ። የኦፕራሲዮኑ ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፍ፣ ለማንበብ በሚያስቸግር አኳኋን፣ የታችኛው ክፍል አግድም ቁርጥ የሚል አለ። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴም ላክሁለት፤ ስልኬ ቢጠፋ ብዬ። ገና የመጀመሪያ ኦፕራሲዮን ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ ይህንን ወረቀት ተቀበሉ። በኋላ መፈለግ ምን እንደሚመስል ነገርኳችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። «አንዴ ኦፕራሲዮን፣ ሁሌም ኦፕራሲዮን» የሚባለው አባባል ከኒውዮርክ ነው የመጣው። ኤድዊን ክሬጊን የሚባል ሐኪም ነው በፈረንጆቹ 1916 የተናገረው። ያኔ ማህፀን የሚቆረጠው ከላይ ቁመቱን ስለነበር ሰውየው ልክ ነበር። ደግሞም ዋናው ሐሳቡ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ዝም ብለው እንዳይሠሩ ማስጠንቀቅ ነው። አግድም ቁርጡ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። አባባሉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት አሁንም አዲስ አበባ ውስጥ ይነገረናል።

ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ሐኪሟ ወንበሯን ወደኔ አዞረችና ቁጥሩን ነገረችኝ። እንደኔ አንድ አግድም ቁርጥ ያላት ሴት ምጥ ብትሞክር፣ ከ200 አንዷ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ማህፀኗ ሊተረተር ይችላል። ከ100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ደግሞ ሞክረው በምጥ ይወልዳሉ። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ በምጥ የወለደች ከሆነች ዕድሏ ወደ 90 ይጠጋል። የኔ ምክንያት የልጁ አቀማመጥ ስለነበር ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ይህ ለኔ ጥሩ ነው። «ምጡ አልገፋ ብሎ» ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ዕድሏ ከኔ ያንሳል። የልጁ ክብደት ከ4 ኪሎ ማለፍ፣ የእናትየው ውፍረት፣ ዕድሜ፣ ቀኑ ማለፍ፣ ምጥ በመድኃኒት መምጣቱ ሁሉ ዕድሉን ይቀንሱታል። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ጊዜ ካለ ስፌቱ የመተርተር ዕድሉ ይጨምራል።

«ከ200 አንድ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። እኔም «እሺ፣ ትንሽ ነው» አልኩ። እሷ ግን አልተወችኝም። «ያቺ አንዷ ብትሆኚስ?» ብላ ቀጠለች። ማህፀን ሲተረተር ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ በውጭ ላይታይ ይችላል። እናቲቱ በደቂቃዎች ውስጥ ራሷን ልትስት ትችላለች። የሽንት ፊኛ አብሮ ሊቀደድ ይችላል። ተሰፍቶ ከዳነ ዳነ፤ ካልሆነ ማህፀኑ ይወጣል። ከተተረተረባቸው ሴቶች ከ100 ከ14 እስከ 33 የሚሆኑት ማህፀናቸውን እንደሚያጡ ተጠንቷል። አራት ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአእምሮዬ የቀረው ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አሰመረች። አንዱ በምጥ ተሳክቶልሽ ወለድሽ፤ ሁለተኛው ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ሆንሽ፤ ሦስተኛው ምጥ ሞክረሽ አልሆነም፣ ኦፕራሲዮን ገባሽ። «ለእናት ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው» አለችኝ። «በቀጠሮ የሚደረገው መካከል ላይ ነው።»

ኋላ እኔም አነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ በ19 ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ከወሊድ በኋላ የማህፀን ኢንፌክሽን የያዛቸው፣ በምጥ ከተሳካላቸው ከ100 አንዷ ገደማ ናት። በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከሆኑት ወደ 2 ይጠጋሉ። ሞክረው ካልተሳካላቸው ግን ወደ 8 ናቸው። ደም የተሰጣቸውም እንዲሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ100 አንድ አካባቢ ሲሆን፣ ካልተሳካላቸው ከ3 በላይ ነው። ስለዚህ «ምጥ ወይስ ኦፕራሲዮን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ሦስተኛው መስመር ላይ የመውደቅ ዕድሌ ስንት ነው? ከወደቅኩስ የት ሆኜ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለ ሞትም ልጨምር፤ ሁሉም በሆዱ ይዞት የሚዞረው እሱን ነው። በአሜሪካ መረጃ ምጥ ከሞከሩ 100,000 ሴቶች 4 ገደማ፣ በቀጠሮ ድጋሚ ኦፕራሲዮን ከሆኑት ደግሞ 13 ገደማ ሞተዋል። ማለትም መሞከር በራሱ ገዳይ አይደለም። ግን ይህ ቁጥር የመጣው ደሙም፣ የማደንዘዣ ባለሙያውም፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉም (ኦአር የሚሉት) እዚያው ካለበት አገር ነው።

እኛ ጋ የት ነው የምሞክረው የሚለው ነገር ሁሉን ይወስናል። ለቤቴ ቅርብ የሆነ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ንጹህ ነው፣ ሲስተሮቹ ጥሩ ናቸው፣ «ምንም ችግር የለውም፣ እናዋልድሻለን» አሉኝ። «ሌሊት ምጥ ቢመጣ የማደንዘዣ ባለሙያ እዚህ ያድራል?» ብዬ ጠየቅኩ። «በስልክ ይጠራል» አሉኝ። ደምስ? «ሰው ይላካል።» አመስግኜ ወጣሁ። አዲስ አበባ በማታ በስልክ የተጠራ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ እናንተም ታውቃላችሁ። ማህፀን ሲተረተር ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ጤና ጣቢያም አብዛኛው ኦፕራሲዮን አይሠራም፤ ጠባሳ ያላት ሴት ገና ክትትል ላይ ሳለች ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። ገጠር ያላችሁ፣ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ቀኑ ሲቃረብ ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ቤት መክረም ወይም የእናቶች ማቆያ መጠየቅ ይሻላል። ምጥ ከመጣ በኋላ አምቡላንስ መጠበቅ ጠባሳ ላላት ሴት አይሆንም።

ከዚያ ዝግጅት። የደም ዓይነቴ ታወቀ። ባለቤቴ ደም ለመስጠት ተዘጋጀ፤ ወንድሙም አብሮ። በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው መራቁ ታየ። ምጥ እንደጀመረኝ፣ ገና ቀላል ቁርጠት ሳለ እንድመጣ ተነገረኝ፤ «እቤት ቆዪ» የሚባለው ለኔ አይሠራም።

ጎረቤታችን እትዬ ግን የራሳቸው ዕቅድ ነበራቸው። ተልባ በትልቅ ኩባያ በጥብጠው መጡ፤ «ይሄን ጠጪና ፉት ብላ ትወጣለች» አሉኝ። ፍቅራቸው ይገባኛል። «እትዬ፣ ሐኪሟ ምንም እንዳልጨምር ብላለች» ብዬ ለባለቤቴ አሳለፍኩት። ተልባው ራሱ ይገድላል እያልኩ አይደለም። ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚወሰድ ማንኛውም ነገር፣ የአገር ቤትም የፋርማሲም፣ የተሰፋ ማህፀን ላይ ቀልድ አይደለም ለማለት ነው። በተለይ ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን፣ ጠባሳ ላላት ሴት ምጥ ለማምጣት አይሰጥም። በ2001 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ግዛት የወጣ ጥናት እንዲህ ይላል፦ ምጥ በራሱ ከመጣላቸው 1,000 ሴቶች ማህፀናቸው የተተረተረው 5 ገደማ ነው፤ ከዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ባልሆነ ነገር ምጥ ከመጣላቸው 8 ገደማ፤ በዚህ ቤተሰብ መድኃኒት ከመጣላቸው ግን ወደ 25 ነው። ሌላው ሆድን ከላይ መጫን ነው። «ትንሽ ልርዳት» ብሎ ሆድ የሚጫን ሰው ካለ፣ ባለቤትሽም ይሁን እናትሽ፣ ከአጠገብሽ ቆሞ እንዲከለክልልሽ ቀድመሽ ንገሪው።

ምጡ በራሱ መጣ፣ ሌሊት። ሆስፒታል ስደርስ ግሉኮስ ተተከለ፣ ሆዴ ላይ የልጁን የልብ ምት የሚከታተለው ቀበቶ ታሰረ። የሽንት ቱቦም ገባ። ጧት ላይ ጥሩ እየሄደ ነበር። አዋላጇ ሲስተር እጄን ይዛ «ጎበዝ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ትለኝ ነበር። የማህፀን በሬ መከፈት ስምንት ሴንቲ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ ሕመሙ ተለወጠ። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሀል ትንፋሽ ትወስጃለሽ። አሁን ግን በመሀሉም የማይለቅ፣ ከታች ጠባሳው ላይ የሚያቃጥል ነገር ገባ። «ሲስተር፣ ይሄኛው አይሄድም» አልኳት። ዝም ብላ እጇን ጠባሳዬ ላይ አሳረፈች፤ ዘለልኩ። ቀና ብላ ማሽኑን አየች። የልጁ የልብ ምት እየወረደ ነው፤ ምጡ ካለፈም በኋላ አይመለስም። ወደ ሽንት ከረጢቱ ጎንበስ አለች። ሽንቴ ቀልቷል። አንድም ቃል ሳትናገረኝ በሩን ከፍታ ሐኪም ጠራች።

ሐኪሙ በእጁ ሲመረምረኝ ወርዶ የነበረው ጭንቅላት ወደ ላይ ተመልሷል አለ። ከዚያ «ኦአር» የሚል ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። አልጋው እየተገፋ ወረቀት አስፈረሙኝ። ወገብ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ጊዜ ስለሚወስድ ሙሉ ማደንዘዣ ሰጡኝ። ስነቃ ደም ተሰቅሎልኝ ነበር። ከልጅቷ በፊት የጠየቅኩት «ማህፀኔ አለ?» ብዬ ነው። አለ።

በኋላ ሐኪሙ መጥቶ አስረዳኝ። ስፌቱ በአንድ በኩል ተተርትሯል፤ ደሜ ወደ ሆድ መፍሰስ ጀምሯል። የሽንት ፊኛዬ ከድሮው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ትንሽ ተቀድዷል፤ እሱንም ሰፍተውታል። በዚህ የተነሳ የሽንት ቱቦው ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ። ይህን ማንም አይነግራችሁም፦ አራስ ሆኖ፣ ልጅ እያጠቡ፣ የሽንት ከረጢት በእጅ አንጠልጥሎ ሽንት ቤት መሄድ። ቁስሉም መግል ያዘና ተመልሼ ታከምኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የመጡት ሴቶች በዚህኛው ስለ ምጥ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እናቴ ብቻ ናት ሰው ሁሉ ሲወጣ «የኔ ልጅ፣ ሁለቱንም አየሽ» ያለችኝ።

የምልክቶቹን ነገር አደራ። በምጦች መሀል የማይለቅ ሕመም፣ በተለይ ጠባሳው ላይ። በድንገት ምጥ ቀጥ ማለት። ከማህፀን የሚፈስ ደም። ደም የቀላቀለ ሽንት። ትከሻ ጫፍ ላይ የሚወጋ ሕመም፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ትከሻ ላይ ይሰማል። ራስ መክበድ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ ማጥመቅ። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚታየው የልጁ የልብ ምት መውረድ ነው፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚከታተል ማሽን ከሌለበት ቦታ አትሞክሩ። የሕመም ማደንዘዣ ምልክቱን ይደብቃል የሚሉ አሉ፤ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በወገብ ማደንዘዣ ምጥ ሞክራ፣ በምጥ ወልዳለች። እሷ ጋ የተለመደ ነው፤ ችግሩ እኛ ጋ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። የሷ እንደተሳካ የኔ አልተሳካም፤ ጠባሳችን ግን አንድ ዓይነት ነበር።

ተጸጸትሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አልተጸጸትኩም። ዕድሌ ጥሩ ነበር፣ ቦታው ትክክል ነበር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ወደቅኩ። ያቺ «በስልክ ይጠራል» ያለችኝ ክሊኒክ ገብቼ ቢሆን ግን ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር።

አሁን ሦስተኛ ልጅ ስለመውለድ እየጠየቅኩ ነው። የተነገረኝ ይህ ነው፦ ስፌቴ አንዴ ስለተተረተረ ምጥ ከእንግዲህ አይታሰብም። የጊዜ ክፍተቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን። ካረገዝኩ ገና በጊዜ በአልትራሳውንድ ፅንሱ ጠባሳው ላይ አለመቀመጡ ይታያል፤ ቆይቶ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ቦታ። ከዚያ ምጥ ሳይጀምር፣ ከተለመደው ቀን ቀደም ብሎ፣ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን። አራቱ ልጅ ወደ ሦስት ወርዷል። ባለቤቴ ሁለት ይበቃናል ይላል፤ በዚህ ገና አልተስማማንም።